በሐራጅ የሚሸጠውን በረት አንግዛ

ባለፈው እሑድ ዶራ ስንሰበሰብ የቀረበውን ሐሳብ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፈቃድ ተከልክላችሁ ያልመጣችሁ ደግሞ በድምፅ መልእክት ሰምታችሁታል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። አንዷ እህታችን ስልኳን አወጣችና ከአገር ቤት የተላከላትን የጋዜጣ ማስታወቂያ አነበበችልን። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ የወተት ላም እርባታ በባንክ ሐራጅ ሊሸጥ ነው። 24 የወተት ላሞች ከነጥጆቻቸው፣ የማለቢያ ማሽን፣ የመኖ መቁረጫ፣ ጄኔሬተር፣ በረቱ፣ በረቱ ያረፈበት ቦታ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። መነሻ ዋጋ 6 ሚሊዮን ብር። «ይሄ እኮ በነፃ ማለት ነው! 38ታችንም 300፣ 300 ዶላር እናዋጣና እንግባበት። ስንመለስ የምንገባበት ሥራ ይኖረናል። እስከ መቼ የሰው ቤት እናጸዳለን?» አለች። እልልታው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። አጨብጭቤ፣ እንጀራዬን በልቼ፣ ሰርቪስ ይዤ ማዳም ቤት ተመለስኩ። ማታ ማስታወቂያውን በስልኬ ላይ አስፍቼ ሳነበው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለሰብሳቢያችን ደውዬ ሐሳቡን እንደምቃወም ስነግራት «በስልክ አታውሪኝ፣ ለሁሉም ጻፊው» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ማንበብ የማይችሉ እህቶች አብረዋችሁ ካሉ አንብቡላቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሐሳቡን ያመጣችው እህት ላይ ምንም የለኝም። በ2012 ዓ.ም. አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ፣ ፍራሽና ውኃ ተሸክማ የመጣችው እሷ ናት። ስለ እኛ አስባ ነው ያመጣችው። ሐሳቡ ግን መጥፎ ነው፤ ድምፅ ሳንሰጥበት ቢቀር ደስ ይለኛል።

እስቲ ማስታወቂያውን አብረን እናንብበው፤ ያን ዕለት ያነበብነው ዋጋውንና የላሞቹን ቁጥር ብቻ ነው።

«ቦታ» ይላል። እኛ «መሬት» ብለን ሰማነው። መሬት በአገራችን አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በሐራጅ የሚያልፈው በላዩ ላይ ያለው ግንባታና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ከተማ ውስጥ በሊዝ የተያዘ ከሆነ የቀረው የሊዝ ዘመን ነው የሚመጣልሽ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብ ካለም እሱ አብሮ ይመጣል። የገበሬ ይዞታ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በአዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል፤ አበዳሪው ቢወስድበትም የሚወስደው የመጠቀም መብቱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። እንግዲህ የኛ በረት የትኛው ነው? ማስታወቂያው ላይ ካሬ ሜትር እንጂ ዓይነቱ አልተጻፈም። ማንም አልጠየቀም። ያን ዕለት ግን ግቢው ውስጥ የምትሠሪው ቤት፣ የምትተክይው ዛፍ ሁሉ ሲቆጠር ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ ጽድ ተክዬ ነበር በሐሳቤ።

«ንብረቱ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው» ይላል። ለሕንፃ ይህ ቃል ብዙም አያስፈራም፤ ባንክ የያዘው ቤት ስድስት ወር ቢዘጋ አቧራ ነው የሚለብሰው። ላም ግን ሕንፃ አይደለችም። ጧት ትታለባለች፣ ማታ ትታለባለች። በደንብ ካልታለበች ጡቷ ያብጣል፤ ሳይታከም ከቆየ ያ ጡት ይደርቅና በሦስት ጡት ትቀራለች። ጥሩ የፈረንጅ ዲቃላ በቀን 10፣ 15 ሊትር የምትሰጠው በልታ ነው። ለሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ያህል መኖ ይሄዳል፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው ማለቴ ነው፣ ድርቆሹ ሳይቆጠር። ላሞቹ እንደሚሸጡበት ያወቀ ሰው ፉርሽካ የሚገዛው ከየት አምጥቶ ነው? ለማንስ ብሎ? ማስታወቂያው ወጥቶ ሐራጁ እስኪደርስ ያሉትን ሳምንታት ላሞቹ ባለቤት የላቸውም። አሮጌው ባለቤት ቆርጦባቸዋል፣ አዲሱ አልመጣም። 24 የተባሉት ላሞች በዚያ ቀን 24 መሆናቸውን እንኳ ማን ይነግረናል?

ከገበያ ላም ስትገዢ ሻጩን ታስጨንቂዋለሽ። ስንት ወለደች? ስንት ታልባለች? እርጉዝ ናት? አልበህ አሳየኝ ትያለሽ፣ ጥርሷን ታያለሽ፣ ጡቷን ትዳብሻለሽ፣ የጎረቤት ሰው ታጠያይቂያለሽ። በሐራጅ ላይ የምታስጨንቂው ሰው የለም። የሚያጫርተው ሰው የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከላሟ ጋር የተዋወቀው ዛሬ ጧት ነው።

ማሽኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የማለቢያ ማሽን መብራት ይፈልጋል፣ ላስቲኮቹም በየጊዜው ይቀየራሉ። ላስቲኩ ያለቀ ማሽን ጡት ያቆስላል፤ በእጅ ማለብ ይሻላል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ይኼው ነው።

ሐራጅ የሚለውን ቃል ሳዑዲ የሠሩ እህቶቻችን ከዚያ ያውቁታል፤ አሮጌ ዕቃና መኪና በጩኸት የሚሸጥበት ገበያ ነው። የባንክ ሐራጅ ግን ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ ገንዘብ ይጠይቃል። ለመጫረት ብቻ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ማስያዝ ያስፈልጋል። የ6 ሚሊዮን ሩብ 1.5 ሚሊዮን ነው። 38 ሴት 300 ዶላር ብናዋጣ 11,400 ዶላር ይሆናል፤ ወደ ብር ሲመነዘር ከሞላ ጎደል ለማስያዣው ብቻ ነው የሚሆነው። ገባችሁ? የአንድ ዓመት ዕቁባችን ለመግቢያ አለቀ። ካሸነፍን ቀሪውን፣ ያውም ዋጋው ከመነሻው ካልጨመረ፣ 4.5 ሚሊዮን ብር በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለብን። ታክሱና የስም ማዛወሪያው የገዢ ነው። በ15 ቀን ካልከፈልን ያስያዝነው ገንዘብ አይመለስም። ከቤሩት በ15 ቀን! ደመወዛችን በወሩ መጨረሻ መድረሱን በማናውቅበት አገር።

«ቀሪውን ከባንክ እንበደራለን፣ በረቱን ራሱን አስይዘን» ያለችው እህት ደግሞ ይቅር ትበለኝና፣ የአሁኑ ባለቤትም እንደዚያው ነው ያደረገው።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሳኝ ነገር ልምጣ።

የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ በሰንጠረዥ ነው የሚወጣው። አንዱ ዓምድ «የተበዳሪ ስም» ይላል። ከጎኑ ያለው «የንብረት አስያዥ ስም» ይላል። ያን ዕለት ይሄን ሁለቱን ማንም አላነበበም። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። ተበዳሪው ወንድ ነው። አስያዧ ሴት ናት። የአባታቸው ስም አንድ ነው፣ የአያታቸውም።

ልጅቱን አላውቃትም። ምናልባት እዚያው ደብረ ብርሃን ተቀምጣ ጉሊት ትቸረችር ይሆናል። ምናልባት ኩዌት ናት፣ ምናልባት ጅዳ፣ ምናልባት ከዚህ ሁለት ፎቅ በላይ ምንጣፍ ታራግፋለች። እኔ የማውቀው የኔም ማስታወቂያ ልክ እንደዚህ ተጽፎ እንደነበር ነው። ተበዳሪ የወንድሜ ስም፣ አስያዥ የኔ ስም። የአባት ስም አንድ።

ይሄን ታሪክ ለብዙዎቻችሁ ነግሬ አላውቅም። «ገንዘቤን ወንድሜ በላው» ስትሉ አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ወደ ሊባኖስ መጓዝ ታግዶ ስለነበር በሱዳን ዞሬ። ለደላላው የተከፈለው አባቴ ጥማድ በሬውን ሸጦ ነው። መሬቱን ለሦስት ዓመት በእኩል ለሰው ሰጠ፣ በሬ የለውማ። እኛ አገር፣ ሸኖ አካባቢ፣ ቤት ያለ ከብት ቤት አይባልም፤ ስለዚህ የደላላውን ዕዳ ከፍዬ እንደጨረስኩ መጀመሪያ የላክሁት የበሬ ገንዘብ ነበር። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. ሁለት ዲቃላ ጊደር አስገዛሁ። አንዷን ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁላት፣ በስልክ። ወለላ አልኳት። እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትነግረኝ የወለላን ነገር ነው፤ ስንት ታለበች፣ ምን ወለደች። በ2010 ዓ.ም. አምስት ሆኑ። ከተማው ዳር ትንሽ ቤት በስሜ ተገዛች። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የኔ ግን በምድር ነበረች፣ ወተቷን ግን እኔም አላየሁም።

ወንድሜ ሥራ ወዳድ ነው። አምስቱን ላም አሥራ አምስት እናድርጋቸው አለ። ወተት ሰብሳቢዎች ደጅ ድረስ ይመጣሉ፣ ብድር አለ፣ አንቺ በየወሩ በምትልኪው ላይ ወተቱ ሲጨመር ዕዳው በአራት ዓመት ይዘጋል። ሒሳቡን በዋትሳፕ ላከልኝ፤ በእርሳስ ተሠርቶ፣ ተደምሮ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ልክ ነበር። ለብድሩ ውክልና ያስፈልጋል አለኝ። የተተየበውን ወረቀት እሱ ላከልኝ፣ እኔ አሳተምኩት። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ከማዳም ሁለት ሰዓት አስፈቅጄ ቆንስላ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ልቤ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ያልገባኝን ቃል ከኋላዬ የቆመችውን ጠየቅኋት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈርመው» አለችኝ። ፈረምኩ።

ያንን ወረቀት ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ከማንኛውም ባንክ እንዲበደር፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2204 እና 2205 ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ነው የሚለው። ሕጉ እኔ ዘንግቼ እንዳልሸጥ በር ላይ ዘበኛ አቁሞልኝ ነበር። እኔ በሁለት ሰዓት ፈቃድ፣ በአራት ቃል ዘበኛውን አሰናበትኩት። ቤቷ ተያዘች። ላሞቹም ተያዙ፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትም ለብድር መያዣ መሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ቤሩት ተነሣች። ሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት በጥቁር ገበያ ከ8 ሺህ አለፈ፤ ዛሬ 89,500 ላይ ነው። ሚስተር ደመወዜን በሊራ ያውም በድሮው ሒሳብ ይቆጥርልኝ ጀመር። አሥራ አራት ወር ወደ ቤት አንድ ዶላር አልላክሁም። ወንድሜ ወርኃዊ ክፍያውን የሠራው የኔን ገንዘብ ቆጥሮ ነው። በኮሮና ሆቴልና ካፌ ተዘጋ፣ ወተት ፈላጊ ጠፋ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ በየዓመቱ እንደሚሆነው ለ55 ቀን ጾመኛው ወተት አይገዛም፤ ላሟ ግን አትጾምም። የሊራው መውደቅ ዞሮ ዞሮ ሸኖ ደርሶ በረታችንን መታ። ባንኩን ስሙን አልጠራም፣ ጠቤ ከሱ ጋር አይደለም። ብድሩን ጠየቀ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሰጥቷል። ወረቀቱ የሄደው ወደ ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ «እንዳትጨነቂ» ብሎ ደበቀኝ። 30ውን ቀን እኔ እዚህ ብርጭቆ ሳጥብ ነበር።

ሐራጁ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ሆነ። የአክስቴ ልጅ በስልክ ቀርጾ ላከልኝ። አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ «አንደኛ ጊዜ! ሁለተኛ ጊዜ!» ይላል። ሰዉ ክብ ሠርቷል። ላሞቹ ጎናቸው ገብቶ የገጠር ላም መስለዋል፤ መጀመሪያ የኛ መሆናቸውን አላወቅሁም። ወለላን ያወቅኋት በግንባሯ ነጭ ነው። የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ይሄን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት፤ እናቴን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም። የገዛት ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው ነው፣ በኪሎ ገምቶ። ቪዲዮው ላይ እናቴ «እርጉዝ ናት እኮ፣ እርጉዝ ናት» ስትል ይሰማል፤ ሰውዬው ወደሚቀጥለው ቁጥር አልፏል። በአንድ ጧት አለቀ። ቤቷ፣ መኖ መቁረጫው፣ ላሞቹ። ዕዳው ግን አላለቀም፤ የተሸጠበት ዋጋ ከዕዳው አንሶ 180 ሺህ ብር ቀረብን። እሱን እስከ ዓምና ድረስ ከፍያለሁ።

እናቴ ማታ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ በረቱ ዝም ሲል አስፈራኝ» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ወንድሜ ሌባ አይደለም። አንድ ብር አልበላም። ዛሬ አዲስ አበባ በሰው አይሱዙ ላይ ረዳት ነው፣ በዓል ሲሆን ደውሎ ያለቅሳል። ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

አሁን ወደ ስብሰባችን ልመለስ። የምትሉኝን አውቀዋለሁ። «አንቺ ስለተቃጠልሽ ነው።» አዎ፣ ስለተቃጠልኩ ነው! እሳት የት እንዳለ ከኔ በላይ የምታውቅ አለች?

«እኛ ካልገዛነው ሌላ ይገዛዋል።» ይግዛው። ሐራጅ ወንጀል ነው አልልም። ያበደረ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ የመንግሥት እርባታ ያረጁ ላሞችን በጨረታ ይሸጣል፣ ነጋዴም ገዝቶ ያተርፋል። ነጋዴው ግን እዚያ ነው ያለው፤ ላሟን በዓይኑ አይቶ፣ ሐኪም ይዞ፣ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። እኛ የምንገባው በወኪል ነው። ወኪላችን ማን ይሆናል? የሐሳቡ አቅራቢ ወንድም፣ «ታማኝ ልጅ ነው» የተባለው። የኔም ታማኝ ነበር። 38 ሴት ለአንድ ወጣት ውክልና ልንሰጥ ነው፣ እንዲገዛ፣ እንዲበደር፣ በዋስትና እንዲያስይዝ። የዛሬ አምስት ዓመት የሚወጣው ማስታወቂያ ላይ «የንብረት አስያዥ» በሚለው ዓምድ ስንት ስም እንደሚገባ ቁጠሩት። ዓምዱም አይበቃን።

የሰውዬዋስ ነገር? በሰው እንባ ላይ አንጫረት ስል «ስብከት ተወት አድርጊ» ያለችኝ አለች፣ በግል። እሺ፣ አልሰብክም። ግን ይሄ ቡድን የተቋቋመው ማዳም ደመወዝ የከለከለቻት፣ ፓስፖርት የተያዘባት፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦምቡ ሲወርድ በር ተቆልፎባት የቀረች እህት ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ያቺ የአባቷ ስም ከተበዳሪው ጋር አንድ የሆነው ሴት እኛን የምትመስል ከሆነች፣ ደውለን ልናገኛት እንጂ በረቷን ልንጫረትባት አይገባም። የደብረ ብርሃን ልጆች አሉን። ስሟ ማስታወቂያው ላይ አለ። ማስጠንቀቂያው ደርሷት ይሆን? ሐራጁ መኖሩንስ ታውቃለች? እኔ ያን ጊዜ አንድ ሰው ደውሎ «ስምሽ ጋዜጣ ላይ አለ» ቢለኝ ቢያንስ ወለላን አስወጣት ነበር፣ ተበድሬም ቢሆን።

«ታዲያ ገንዘቡን ምን እናድርገው፣ በትራስ ሥር ይበስብስ?» ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላራችን ብዙ ብር ይመስላል፤ ላሟም ግን አብራ ተወድዳለች፤ የያዝነው እንደሚመስለን አላደገም። ላም መግዛት የምትፈልግ ትግዛ። ላም ጠላሁ አላልኩም፤ ወተት ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ግን አያቶቻችን ያለ ባንክ የሚሠሩት አንድ ነገር ነበራቸው፣ ርቢ። ላሟ ያንቺ ናት፤ የሚጠብቃት ሰው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃውን ትካፈላላችሁ፣ ሽማግሌ ይመሰክራል። ያንን በወረቀት አድርጊው፤ ሁለት ምስክር፣ የላሟ መልክና ምልክት፣ የማን እንደሆነች፣ ያላንቺ ፊርማ እንደማትሸጥና ለብድር እንደማትያዝ። የምታድር ዘንድ ደግሞ ለወንድምሽ ብቻ ሳይሆን ለእናትሽ፣ ለአክስትሽ ስጪ፤ በረት የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። አንድ ላም በስምሽ፣ ሃያ አራት በሰው ስም ከሚሆኑ ይሻልሻል። ያገባችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ባል የጋራ ቤት ለማስያዝም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሚስቱ ስምምነት ያስፈልገዋል ይላል። ስምምነቱን ግን በውክልና አስቀድመሽ ከሰጠሽው፣ ሰጠሽው ነው።

በበረቱ ሐሳብ ፋንታ ለስብሰባው የማቀርበው ይሄ ነው። 300 ዶላሩን እያንዳንዳችን እንያዘው። ከዕቁቡ ላይ 20፣ 20 ዶላር ብቻ እናዋጣ። በዚያ ገንዘብ የሁላችንንም ውክልና ሰብስበን ሕግ ለሚያውቅ ሰው እናስነብብ። የማስያዝና የመበደር ቃል ያለበትን የምትፈልግ ትሻረው፤ ውክልና የሰጠች በፈለገች ጊዜ መሻር ትችላለች፣ ወንድሟን ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። አዲስ የምትሰጥ ደግሞ የሚያስፈልገውን አንድ ሥራ ብቻ ጠርታ ትስጥ፦ «ይህችን ቤት እንዲያከራይ»፣ በቃ። የመሻሪያው ወረቀት አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ባንኩም ወኪሉም እጅ መድረስ አለበት፤ ቆንስላ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። የመላኪያው ወጪ ከዚያው ከመዋጮው ይሁን። ከመካከላችን አሁን ማስጠንቀቂያ የደረሳት፣ 30 ቀኗ እየተቆጠረ ያለች ካለች ደግሞ አትፈር፣ ለኔ ትደውል፣ ለሰብሳቢያችን ትደውል። በ30 ቀን ውስጥ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ በ31ኛው ቀን ቪዲዮ ማየት ነው።

ድምፅ የምንሰጠው በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ቦታው ያው ነው። ስትመጡ የውክልናችሁን ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ኮፒው ከሌላችሁ ከአሁኑ ደውላችሁ ፎቶውን ከአገር ቤት አስልኩ፤ «ለምን ፈለግሽው?» ብሎ የሚቆጣ ካለ እሱንም መጥታችሁ ንገሩን። የኔን መጀመሪያ አነባለሁ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብዬ።